የመጠጥ ማቆሚያ የድጋፍ ስብሰባ እንዴት ይፈለጋል? ገብተውስ ምን ያደርጋሉ?

«መጠጥ ማቆም እፈልጋለሁ። የድጋፍ ስብሰባ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ግን የት ነው የሚገኘው? ገብቼስ ምን ልበል?» ይህ ጥያቄ አነጋገሩን እየቀያየረ ደጋግሞ ይደርሰናል። አብዛኛው ጠያቂ የሚፈራው ማቆሙን ብቻ አይደለም፤ በሩንም ነው። ማን ይቀበለኛል፣ ምን ይጠይቁኛል፣ የሚያውቀኝ ሰው ቢኖርስ ይላል። ስለዚህ ከፍለጋው ጀምረን እስከ መጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ያለውን በቅደም ተከተል አስቀምጠናል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዙ። የመጀመሪያው ስብሰባ ለመቅመስ ነው፤ በእሱ ብቻ «ይሆነኛል» ወይም «አይሆነኝም» ማለት አይቻልም። ስብሰባ የሚጠቅመው ሲመላለሱበትና እዚያ ካሉት ሰዎች ጋር ሲተዋወቁ ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ማየት ያለበት ማን ነው?

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎልም ያንን ለመቋቋም ራሱን ከልክ በላይ ማንቃት ይለምዳል። መጠጡ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ የሚያደነዝዘው ይጠፋና ከልክ ያለፈው መነቃቃት ብቻውን ይቀራል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠንና እንቅልፍ ማጣት ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ። ራስን አስቶ የሚያንፈራግጥ መንቀጥቀጥ በብዛት የሚመጣው ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚሉት ከባድ መቃዠትና ግራ መጋባት ሊከተል ይችላል። ይህ ካልታከመ ይገድላል።

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ እርስዎን የሚመለከት ከሆነ መጠጡን ከማቋረጥዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ፦

- ጠዋት እጅዎ እንዳይንቀጠቀጥ የሚጠጡ ከሆነ፤
- ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ተንፈራግጠው ወይም ቃዥተው የሚያውቁ ከሆነ፤
- እንደ ዳያዜፓም ያለ የማረጋጊያ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፤
- ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ወይም የጉበት፣ የልብ ወይም የሚጥል በሽታ ካለብዎ።

መንፈራገጥ፣ የሌለ ነገር ማየት ወይም መስማት፣ ቀኑንና ቦታውን መሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ስብሰባ አይጠብቁ። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በስብሰባው ላይ የሚያክም ሰው የለም።

የሐኪም ቀጠሮ እየጠበቁም ስብሰባ መሄድ ይችላሉ። «መጀመሪያ ልጽዳ፣ ከዚያ እሄዳለሁ» ብለው በራስዎ በድንገት አያቁሙ። የአብዛኛዎቹ ቡድኖች መግቢያ ማቆም መፈለግ ነው፤ ያቆሙ መሆንዎን የሚጠይቅ የለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስልክ፤ ለፍለጋም፣ ቁጥር ለመቀበልም።
- ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ። በስብሰባ መካከል ስልክ መነካካት ሰው እየቀዱ ያስመስላል፤ ወረቀት ግን ማንንም አያስደነግጥም።
- ሁለት ሰዓት ያህል ነፃ ጊዜ። ስብሰባው ራሱ ብዙ ጊዜ 60 ወይም 90 ደቂቃ ነው፤ ቀሪው ከፊትና ከኋላ ለሚያስፈልገው ነው።
- ከቤት ሳይወጡ የታሰበበት የመመለሻ መንገድ፤ መጠጥ ቤቱን የማያሳልፍ ቢሆን ይመረጣል።
- በኢንተርኔት ከሆነ የጆሮ ማዳመጫና በሩ የሚዘጋ ክፍል።
- ፍርድ ቤት ወይም አሠሪ የመገኘት ማረጋገጫ ጠይቆዎት ከሆነ ቅጹ።

መታወቂያ፣ የሐኪም ደብዳቤ ወይም የመመዝገቢያ ክፍያ ብዙዎቹ ቡድኖች አይጠይቁም።

ደረጃ 1፦ የቡድኑን ዓይነት ይወቁ

ስብሰባዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ሳያውቁ የገቡ ሰዎች አንዱ ዓይነት ሳይስማማቸው ሲቀር «ስብሰባ ለእኔ አይሆንም» ብለው ሁሉንም ይተዋሉ።

አልኮሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤኤ፣ በብዛት የሚገኘው ነው፤ 180 ገደማ በሚሆኑ አገሮች ውስጥ ይሰበሰባል። አባላቱ ተራ በተራ በሚያልፉባቸው 12 የማገገሚያ ደረጃዎች ላይ የቆመ ነው። የሚመሩት ራሳቸው መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ናቸው፤ ባለሙያ የለበትም። አባል ለመሆን የሚጠየቀው አንድ ነገር፣ መጠጥ የማቆም ፍላጎት፣ ብቻ ነው። ስለ እግዚአብሔርና ከራስ ስለሚበልጥ ኃይል ይነሳል፤ እንዴት እንደሚረዱት ግን ለእያንዳንዱ የተተወ ነው።

ስማርት ሪከቨሪ መንፈሳዊ ይዘት የለውም። የሠለጠነ አወያይ ይመራዋል፤ ሥራው ከሐሳብና ከባሕርይ ሕክምና የተወሰዱ መልመጃዎች ናቸው። አራት ጉዳዮች ላይ ያተኩራል፦ ፍላጎትን ማጽናት፣ አምሮትን መቋቋም፣ ሐሳብንና ስሜትን መግራት፣ የተመጣጠነ ኑሮ። እዚያ ራስዎን «ሱሰኛ» ብለው እንዲጠሩ አይጠበቅም፤ መነጋገርና መጠያየቅም ይፈቀዳል።

ከእነዚህ ሌላ ሃይማኖት ነክ ያልሆነው ላይፍሪንግ፣ ለሴቶች ብቻ የተዘጋጀው ዊሜን ፎር ሶብራይቲ፣ በክርስትና ላይ የተመሠረተው ሴለብሬት ሪከቨሪ እና በቡድሃ አስተምህሮና በተመስጦ ላይ የቆመው ሪከቨሪ ዳርማ አሉ። አል-አኖን ግን ለጠጪው ቤተሰብና ወዳጅ ነው። ስሙ ስለሚመሳሰል ጠጪው ወደ አል-አኖን፣ ሚስት ወይም እናት ደግሞ ለጠጪዎች ብቻ ወደሆነው ዝግ የኤኤ ስብሰባ የሚሄዱበት ጊዜ አለ።

ምርጫው ላይ ከአንድ ምሽት በላይ አያጥፉ። ካልወሰኑ በአቅራቢያዎ በሚገኘው ይጀምሩ፤ ሌላውን በኢንተርኔት ጎን ለጎን መሞከር ይችላሉ።

ደረጃ 2፦ ሦስት ስብሰባ ይፈልጉ፣ አንድ አይበቃም

ለኤኤ ሚቲንግ ጋይድ የሚባል ነፃ የስልክ መተግበሪያ አለ። ያሉበትን ቦታ አይቶ ቅርብ የሆኑትን በቀንና በሰዓት ይደረድራል። የኤኤ ዋና ድረ ገጽም የየአገሩን ቢሮ ያሳያል። በኢንተርኔትና በስልክ ብቻ የሚካሄዱት ደግሞ የኤኤ ኦንላይን ኢንተርግሩፕ በሚያዘጋጀው ዝርዝር ላይ አሉ፤ እዚያ በብዙ ቋንቋዎች፣ በቀኑም በሌሊቱም ስብሰባ ይገኛል። ስማርት ሪከቨሪና ሌሎቹ የየራሳቸው መፈለጊያ አላቸው።

በከተማዎ ምንም ካላገኙ የቡድኑን ስም ከከተማው ስም ጋር አድርገው በአገሩ ቋንቋም በእንግሊዝኛም ይፈልጉ። የሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ወይም የሱስ ክፍል ሠራተኞችም ብዙ ጊዜ በኢንተርኔት ያልወጡ ቡድኖችን ያውቃሉ።

ሦስት የምንለው አንዱ ተዘግቶ ሊያገኙት ስለሚችሉ ነው። ቡድኖቹ የሚሰበሰቡት በተከራዩት ወይም በተፈቀደላቸው አዳራሽ ነው፤ ክፍል ይቀያየራል፣ በበዓል ቀን ይዘጋል፣ ዝርዝሩም ሳይታደስ ይቆያል። ብዙ ቀን ያመነታ ሰው በመጨረሻ ደርሶ በሩ ተቆልፎ ካገኘው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ አይሞክርም። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ። የሚሉት ነገር እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የማክሰኞ ማታውን ስብሰባ በዝርዝር ላይ አይቼ ነው፤ አሁንም አለ? ሰዓቱና ክፍሉ አልተቀየረም? የመጀመሪያዬ ነው፤ ለአዲስ ሰው ይሆናል?»

ስም መናገር የለብዎትም። በብዙ ቦታ ስልኩን የሚያነሳው ራሱ ያቆመ ሰው ነው። «በር ላይ እጠብቅዎታለሁ» ወይም «አብሮዎት የሚሄድ ሰው ልፈልግልዎ?» ካለ እሺ ይበሉ። ብቻውን ከሚመጣው ይልቅ ሰው ይዞት የሚመጣው በሩን የማለፍ ዕድሉ ይሰፋል።

ከሦስቱ የመጀመሪያው በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ይሁን። ዛሬ ያለው ቁርጠኝነት በሳምንቱ ላይኖር ይችላል።

ደረጃ 3፦ ዝርዝሩን ማንበብ ይወቁ

ከእያንዳንዱ ስብሰባ ጎን አጫጭር ምልክቶች አሉ። በእንግሊዝኛ ዝርዝሮች ላይ የ«ኦ» ፊደል ብዙ ጊዜ ክፍት፣ የ«ሲ» ፊደል ዝግ ማለት ነው፤ የምልክቶቹ መፍቻ ከዝርዝሩ ሥር ይገኛል። የሚያጋጥሙዎት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- ክፍት ስብሰባ፦ ማንም ይገባል። ቤተሰብ፣ ተማሪ፣ የጤና ባለሙያም ሊኖር ይችላል። ጓደኛ ይዘው መሄድ ከፈለጉ ይህን ይምረጡ።
- ዝግ ስብሰባ፦ የመጠጥ ችግር ላለበት ወይም ማቆም ለሚፈልግ ብቻ ነው። መታየት ለሚያሰጋው ሰው ይህ ይሻላል።
- የጀማሪዎች፦ ሁሉም ነገር ከመሠረቱ ይብራራል። ካገኙት ከዚህ ይጀምሩ።
- የተናጋሪ፦ አንድ ወይም ሁለት ሰው ረዘም አድርጎ ታሪኩን ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል። መናገር ለሚያስፈራው በጣም ምቹ ነው።
- የውይይት፦ ተራ በተራ ይነገራል።
- የደረጃ ወይም የመጽሐፍ ጥናት፦ ንባብ አለው። ለመጀመሪያ ቀን ትንሽ ይከብዳል፤ ቆይተው ይምጡበት።

የሴቶች፣ የወንዶች፣ የወጣቶች ተብለው የተለዩም አሉ። በኢንተርኔት ለሚካሄደው ሰዓቱ የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ያረጋግጡ። አንዳንድ አገሮች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ትናንት የያዙት ሰዓት ነገ በአንድ ሰዓት ሊዛነፍ ይችላል።

ከተገኙት መካከል ለመምረጥ አንድ መለኪያ እንሰጥዎ፦ ብዙ ጊዜ መጠጣት የሚጀምሩበትን ሰዓት የሚይዘውን ስብሰባ ያስቀድሙ። ሥራ ወጥተው ማታ የሚጠጡ ከሆነ የጠዋቱ ስብሰባ ጥሩ ቢሆንም ያን አስቸጋሪ ሰዓት ባዶውን ይተወዋል።

ደረጃ 4፦ የመሄጃው ቀን

ምግብ በልተው ይሂዱ። ረሃብ፣ ንዴት፣ ብቸኝነትና ድካም አምሮትን ከሚቀሰቅሱት ዋነኞቹ ናቸው፤ አራቱንም ተሸክሞ መግባት ማዳመጥን ያከብዳል።

ከሰዓቱ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። ዘግይቶ የገባ ሰው ሁሉም ዞሮ ያየዋል፤ ያ ደግሞ ሲፈሩት የነበረው ነገር ነው። ቀድሞ የደረሰ ግን ወንበሩን ይመርጣል፣ ከአንድ ሁለት ሰው ጋር ሰላም ይባባላል።

ጠጥተው ከሆነስ? በአብዛኛው ኤኤ ቡድን የጠጣ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ካዳመጠ አይባረርም። ዕለቱን ሳይናገሩ ያሳልፉ፤ መኪና አይንዱ፤ መጠጥ ይዘው አይግቡ። ከስካሩ የተነሳ መቀመጥ የማይችሉ ከሆነ ግን የዚያን ቀን በሰው ታጅበው ወደ ቤት ወይም ወደ ሐኪም መሄድ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ውስጥ ሲገቡ

የሚያዩት ነገር ቀላል ነው፦ በክብ ወይም በረድፍ የተደረደሩ ወንበሮች፣ በራሪ ወረቀት የተቀመጠበት ጠረጴዛ፣ ብዙ ጊዜም ሻይ ወይም ቡና። በር ላይ ለሚቀበልዎ ሰው «የመጀመሪያዬ ነው» ይበሉት። ይህች አንድ አረፍተ ነገር ብዙ ነገር ታቀላለች፤ ወረቀት ይሰጥዎታል፣ ከአንድ ነባር ሰው አጠገብ ያስቀምጥዎታል፣ መሪውም አዲስ ሰው እንዳለ ያውቃል። ጥግ መቀመጥ ቢያምርዎትም መሀል አካባቢ ይሁኑ። በር አጠገብ የተቀመጠ ሰው ስብሰባውን ሙሉ ስለ መውጣት ያስባል።

የኤኤ ስብሰባ አካሄድ ከቡድን ቡድን ትንሽ ይለያያል እንጂ በጥቅሉ እንዲህ ነው። መሪው ይከፍታል፣ አጭር ጽሑፍ ይነበባል። ከዚያ አዲስ የመጣ ሰው እንዳለ ይጠየቃል። ይህ ቀሪው ስብሰባ እንዲመችዎት ታስቦ የሚደረግ ነው፤ ምርመራ አይደለም። ከፈለጉ፦

«ስሜ እንዲህ ነው። ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለማዳመጥ ነው የመጣሁት።»

ይበሉና ይቀመጡ። የአባት ስም አይነገርም። የፈለጉትን ስም መጠቀምም ይችላሉ። ሌሎች «እኔ የአልኮል ሱሰኛ ነኝ» ሲሉ ይሰማሉ፤ እርስዎ እንዲሉት የሚያስገድድ የለም። ተራው ሲደርስ «ዛሬ ልለፍ» ማለትም ሙሉ መልስ ነው፤ ምክንያት መጨመር አያስፈልግም።

ለመናገር ከወሰኑ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሌላው ሲናገር ጣልቃ መግባት፣ መምከር፣ «አንተ ያልከው ልክ አይደለም» ማለት በኤኤ አይፈቀድም። ሰው እንዳይመክሩኝና እንዳይነቅፉኝ ብሎ ካልፈራ እውነቱን ይናገራል፤ ደንቡ የወጣው ለዚህ ነው። ታዲያ እርስዎ ተናግረው ሲጨርሱ ማንም ምንም ባይልዎት አይክፋዎት።

ቅርጫት ይዞራል። ኤኤ ከውጭ እርዳታ ስለማይቀበል ኪራዩንና ሻዩን የሚችለው በአባላቱ መዋጮ ነው፤ አዲስ ሰው ዝም ብሎ ቢያሳልፈው ማንም አይታዘበውም። ለ24 ሰዓት፣ ለአንድ ወር፣ ለአንድ ዓመትና ለመሳሰለው ቆይታ ትንሽ ሜዳሊያ የሚሰጡ ቡድኖችም አሉ። መጨረሻ ላይ ጸሎት ካለ አብረው ሊቆሙና ዝም ሊሉ ይችላሉ።

የሚያውቁትን ሰው ካዩ አይደንግጡ። በዝግ ስብሰባ ከሆነ እሱም የመጣው እርስዎ በመጡበት ምክንያት ነው። ራስ ነቅንቀው ሰላም ይበሉት፤ ውጭ ሲገናኙ ግን ስለ ስብሰባው አያንሱ፣ በሌላ ሰው ፊት ደግሞ ፈጽሞ።

ማስጠንቀቂያ፦ «እዚህ የተሰማ እዚሁ ይቅር» የሚለው ቃል ቃል ኪዳን እንጂ ሕግ አይደለም። ሐኪም ወይም ጠበቃ ምስጢር እንዲጠብቅ ሙያው ያስገድደዋል፤ የስብሰባ አባልን ግን የሚያስገድደው ሕሊናው ነው። በፍርድ ቤት ሊያስጠይቅ የሚችል ወይም የሌላ ሰው ምስጢር የሆነ ነገር በጉባኤ አያውጡ። ለባለሙያ ያቆዩት።

ደረጃ 6፦ ከተዘጋ በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት

አብዛኛው አዲስ ሰው ስብሰባው እንዳበቃ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። የሚጠቅመውን ነገር ጥሎ መውጣቱ ነው። በስብሰባው መካከል ምክር መስጠት ስለማይፈቀድ ሰዎች ጥያቄ የሚመልሱት፣ ስልክ የሚለዋወጡት ከተዘጋ በኋላ ቆመው ነው።

ንግግሩ ልብዎን የነካውን ሰው ይቅረቡና «ያሉት ነገር እኔንም ይመለከታል፤ ስልክዎን ቢሰጡኝ?» ይበሉ። ቢያንስ ሁለት ቁጥር ይዘው ይውጡ፤ አንዱ ባያነሳ ሌላው እንዲኖር። አንዳንድ ቡድን የስልክ ዝርዝር ያለበት ወረቀት አለው፤ ይጠይቁ።

በማግስቱ፣ ምንም ችግር ሳይኖር ይደውሉ ወይም መልእክት ይላኩ፦

«ትናንት ማታ አዲስ የመጣሁት ነኝ። ቁጥሬን እንዲይዙልኝ ብዬ ነው። ሐሙስ እመጣለሁ።»

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። አምሮት የበረታበት ሰው ከዚህ በፊት ደውሎለት የማያውቀውን ሰው ቁጥር መንካት አይሆንለትም፤ ስልኩ እጁ ላይ እያለ ይጠጣል። አንድ ጊዜ የተደወለበት ቁጥር ግን ሁለተኛ ለመደወል ይቀላል።

ደረጃ 7፦ ስድስት ስብሰባ ሳይሞሉ አይወስኑ

በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ ስድስት ስብሰባ ይሂዱ፤ የተለያየ ቡድን፣ ቢቻል የተለያየ ዓይነት። አንዱ ቡድን አሥር ሰው፣ ሌላው ስልሳ ሰው ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ጸሎት ይበዛዋል፣ ሌላው ሳቅ። ከእያንዳንዱ በኋላ ደብተርዎ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ የጠቀመኝ ምን ነበር? ያልተመቸኝስ? የማን ስልክ ያዝኩ? ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ መልሱ ከወረቀቱ ይነበባል፤ በአንድ መጥፎ ምሽት ስሜት ከመወሰን ይድናሉ።

«በ90 ቀን 90 ስብሰባ» የሚል ምክር ይሰማሉ። በኤኤ ውስጥ የተለመደ አባባል ነው እንጂ ደንብ አይደለም። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፦ መጀመሪያ ላይ ለመጠጥ ይውል የነበረው ሰዓት ባዶ ይሆናል፣ ባዶ ሰዓት ደግሞ አደገኛ ነው። ሥራና ልጆች የማይፈቅዱልዎ ከሆነ በሳምንት ሦስት ወይም አራት በአካል፣ የቀረውን በኢንተርኔት ያድርጉት። አንዱን እንኳ በማይለወጥ ቀንና ሰዓት ይያዙ።

ደረጃ 8፦ አንዱን ቡድን የራስዎ ያድርጉ፣ ስፖንሰር ይያዙ

ከቀመሷቸው መካከል የሚሻልዎትን መርጠው በየሳምንቱ ሳያቋርጡ ይገኙበት። ትንሽ ሥራም ይጠይቁ፤ ወንበር መደርደር፣ ሻይ ማፍላት፣ በር ላይ መቀበል። መሄድ ባላሰኘዎት ቀን «ወንበሩን ማን ይደረድራል?» የሚለው ሐሳብ ከቤት ያወጣዎታል። ሰዎችም ስምዎን ስለሚያውቁ ሲቀሩ ይደውላሉ።

ስፖንሰር ማለት በ12 ደረጃዎች ቀድሞ ያለፈና እርስዎን የሚያሳልፍ ሰው ነው። ስማርት ሪከቨሪ ውስጥ ይህ አሠራር የለም። ሲመርጡ እነዚህን ይዩ፦ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይጠጣ የቆየ ቢሆን፣ እሱም ራሱ ስፖንሰር ቢኖረው፣ ሲደወልለት የሚያነሳ ቢሆን። የፍቅር መሳሳብ ሊኖር የማይችልበት ሰው ይሁን፤ ለዚህ ነው ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት የሚመከረው። ለመጠየቅ ከከበደዎ «ለጊዜው» ብለው ይጠይቁ። «ሌላ ሰው እስካገኝ ለጊዜው ስፖንሰር ይሆኑኛል?» ሲባል እምቢ የሚል ጥቂት ነው፤ ካልተስማማችሁም ያለ ቅያሜ መቀየር ይቻላል።

ስፖንሰር ገንዘብ አበዳሪ፣ የትዳር ዳኛ ወይም ሐኪም አይደለም።

በኢንተርኔት ለሚገቡ

ከመግባትዎ በፊት በዙም ላይ የሚታየውን ስም ይለውጡ፤ ብዙ ጊዜ ሙሉ ስምዎ ወይም የመሥሪያ ቤትዎ አድራሻ ራሱ ይመጣል። በሥራ ኮምፒውተርና በሥራ አካውንት አይግቡ። ካሜራ መዝጋት በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ ከከፈቱ ግን ከጀርባዎ ያለውን ግድግዳ፣ ፎቶና የልጅ ደብተር ይመልከቱ። ድምፅዎ እስኪጠየቁ ዝግ ይሁን። የማያውቁት ሰው በግል መልእክት ማስፈንጠሪያ ከላከ አይንኩ። እያዳመጡ ሌላ ሥራ አይሥሩ፤ ምግብ እያበሰሉ የሰሙት ስብሰባ እንዳልሄዱበት ነው።

ልብ ይበሉ

ሐኪም ያዘዘልዎን መድኃኒት በስብሰባ አባል ቃል አያቁሙ። ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት የመጠጥ ፍላጎትን ለመቆጣጠር የሚታዘዙ ናቸው፤ ለድባቴ የሚታዘዙም እንዲሁ ሕክምና ናቸው። «ይህም ሱስ ነው፣ ተወው» የሚል ሰው ሊያጋጥም ይችላል። የኤኤ የራሱ አቋም ግን አባል እንደ ሐኪም ሆኖ ስለ ሌላው መድኃኒት መወሰን የለበትም የሚል ነው። መጠጥ ለማቆም የሚታዘዘውን ዳይሰልፊራም የሚባል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ማንኛውም አልኮል፣ በሳል ሽሮፕና በአፍ መጉመጥመጫ ያለውም ጭምር፣ ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

አዲስ ሰው ላይ የሚያንዣብብ አይጠፋም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለብቻ ወጣ እንበል የሚል፣ የፍቅር ጥያቄ የሚያነሳ፣ ብድር የሚጠይቅ፣ ዕቃ ወይም የሕክምና ቦታ የሚሸጥ፣ ከቤተሰብዎ ሊያርቅዎ የሚሞክር ካለ ይራቁ፤ ለመሪው ወይም ለሚያምኑት ነባር አባል ይንገሩ። ቡድኑ ችላ ካለ ሌላ ቡድን ይሂዱ። ይህን መታገስ የማገገም አካል ነው የሚልዎት ሰው ተሳስቷል።

የመገኘት ቅጽ የሚያስፈርሙ ከሆነ ስብሰባው ሳይጀመር ለመሪው ይስጡ፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሲበታተን ፈራሚ ያጣሉ። ኢንተርኔት ወይም ከኤኤ ሌላ የሆነ ቡድን ተቀባይነት እንዳለው ደግሞ አስቀድመው ቅጹን የሰጠዎትን አካል ይጠይቁ። ሁሉም ቡድን የመፈረም ግዴታ የለበትም።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

ማወዳደር አንዱ ነው። «እኔ እንደነሱ ሥራዬን አላጣሁም፣ አልታሰርኩም» ብሎ ራስን ማስወጣት ቀላል ነው። ሲያዳምጡ የደረሰበትን ነገር ሳይሆን ስሜቱን ይፈልጉ፤ መደበቁን፣ ነገ አቆማለሁ ማለቱን፣ ጠዋት ማፈሩን።

ሁለተኛው ጓደኛ ወይም የትዳር አጋር እንዲሄድ ስለገፋፋ ብቻ ሄዶ ለእሱ ሪፖርት ማቅረብ ነው። የሚነገረው ለእርስዎ ነው፤ ቤት ሲገቡ «ሄጃለሁ» ይበቃል።

ሦስተኛው ደህና የሆኑ ሲመስል መቅረት ነው። ብዙ ጊዜ ይህ የሚመጣው ከሁለተኛው ወር አካባቢ ነው፤ እንቅልፍ ይመለሳል፣ ሰው ያመሰግናል፣ ስብሰባው ይሰለቻል። መቀነስ ከፈለጉ በአንድ ጊዜ አይተዉ፤ ለስፖንሰርዎ ወይም ለሚደውሉለት ሰው ነግረው በሳምንት አንድ ይቀንሱ፤ አምሮቱ ከተነሳ ይመልሱት።

አራተኛውና ከባዱ፣ ተመልሰው ከጠጡ በኋላ አፍሮ መጥፋት ነው። በብዙ የኤኤ ቡድን የቀን ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ የተማሩትና የያዟቸው ስልኮች ግን አብረውዎት ናቸው። በዚያው ቀን ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ይደውሉና «ጠጣሁ፤ ነገ እመጣለሁ» ይበሉ፤ ነገም ይሂዱ። ለቀናት በተከታታይ ጠጥተው ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ሐኪም። ቆሞ፣ ተጀምሮ፣ እንደገና የቆመ መጠጥ መንቀጥቀጡና መንፈራገጡ ከበፊቱ ሊብስ ይችላል፤ ያለፈው ጊዜ በቀላሉ ማለፉ ለአሁኑ ዋስትና አይሆንም።